ከሁለት መቶ ይጀምራል

ከገደራ ወጣ ብሎ፣ ከማሸጊያው ቤት ውስጥ፣
ብርቱካን ይንከባለላል በቀበቶ ላይ ሲሮጥ።
ማሽኑ ቀዳዳ አለው፣ ክብ ክብ፣ በተርታ፤
ትንሹን የሚጥል፣ ትልቁን የሚያሳልፍ ወደ ቦታ።
የወደቀው ወደ ጭማቂ፣ ያለፈው ወደ መርከብ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆምኩ ይህንኑ ሳነብ።

አለቃዬ ዞር ሲል፣ ከወደቀው አነሳለሁ፤
በጥፍሬ ልጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እቀምሳለሁ።
ማሽኑ ምላስ የለው። ምን ይፈረድበታል?
የሰጡት ቀዳዳ ነው፣ በሰጡት ይለካል።

ልጄ ትርንጎ ናት። በመታወቂያዋ ታማር።
የእናቴ ስም ነበር፤ ጸሐፊዋ ብትቸገር
"ቀለል ያለ እንስጣት" አለች፤ ዝም አልኩ ያን ቀን።
ለዳስ በዓል ደግሞ፣ ይህችኑ ፍሬ፣
ሰዎች ትርንጎን በአጉሊ መነጽር ያያሉ፤
አንዲት ነጥብ ካለችበት "አይሆንም" ይላሉ።

ፕሲኮሜትሪ ይሉታል። ስሙ ራሱ ፈተና፤
ምላሴ ላይ ሦስቴ ተሰብሯል፣ አልቀናኝም ገና።
ለመዘጋጃው ትምህርት ስድስት ሺህ ሼክል ጠየቁ፤
ሌሊቶቼን ሸጥኩላቸው፣ ቅዳሜ ማታዎቼ አለቁ።
የጀርባ ሕክምና ልትማር ነው፤
ጀርባዬን አይታ ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

በአውቶቡስ፣ ወደ ርሆቦት፣ መጽሐፏን ዘርግታ፣
"መዝጊያ ለቤት እንደ ሆነ፣ ክዳን ለምን ይሆናል?"
"ለድስት" አልኩ። ሳቀች። "አባዬ፣ ይህስ ያልፋል!"
"እኔም ልጠይቅሽ፦ 'በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም' ያለው፣
ቁናውንስ ራሱን ማን ይሆን የሰፈረው?"

ተቆጣች። "አባዬ፣ እሱ እኮ ፊት አያይም።
የመልስ ወረቀት ቆዳ የለው፣ ሰፈሬን አይጠይቅም።
ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው 'እስቲ ስለ ራስሽ' ቢሉኝ፣
ገና ወንበር ሳልስብ ጨርሰው ነው የሚያውቁኝ።"
መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው።
ዕውር ዳኛ ከሚያየው ይሻላል፣
አንዳንድ ቀን።

ውሃ፣ እርሳስ፣ መታወቂያ። ስልኳን ለእኔ ሰጠችኝ።
ከግንቡ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ወሰደብኝ።
አጠገቤ አንዲት የሩሲያ ሴት፣ ልጇን የምትጠብቅ፣
ዳቦዋን ገምሳ ሰጠችኝ፤ በሰባራ ዕብራይስጥ
ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ሌላው ነገር ቀረ።

ከአርባ ቀን በኋላ፣ ከማሽኑ ዳር ሳለሁ፣ ደወለች።
"አምስት መቶ ሰማንያ ሁለት።"
ጆሮዬን በእጄ ከልዬ "ከስንት?" አልኩ በጩኸት።
"ከስምንት መቶ።" "ለፈለግሽውስ?" "ሰባት መቶ ነው ደጁ።"
ብርቱካኑ ይወርዳል፤ ሌሎች ሠራተኞች አዩኝ፤
ሒሳቡን በጣቴ ጀመርኩ፣ ጣቶቼ አነሱኝ።
"ምንም ያላወቀውስ፣ ዜሮ ያገኘ አለ?"
"ዜሮ የለም፣ አባዬ። ከሁለት መቶ ይጀምራል።"
"ባዶ ወረቀት ቢመልስ?" "ቢመልስም።"

"እንግዲያውስ እኔ፣ ግንቡ ላይ የዋልኩት፣
ስልክሽን በሁለት እጄ እንደ እንቁላል የያዝኩት፣
ሁለት መቶ አለኝ! ያንቺ ነው፣ ደምሪው፤
ሰባት መቶ ሰማንያ ሁለት፤ ሄደሽ ንገሪያቸው!"

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ፤
የአውቶቡስ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያም
"በታኅሣሥ እንደገና" አለች።

ማታ ኪሴ ውስጥ አንዲት ነበረች፣ ከቀዳዳው የወደቀች፤
ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ልጣጯን ሳትበጥስ ላጠች፣
ለሁለት ከፈለች፣ ትልቁን ግማሽ ለእኔ፣
"ጣፋጭ ናት" አለች።
አልመለስኩም።
መጽሐፉ ተከፍቶ ነበር፣ ገጽ አርባ ላይ።